ፎቶው የት ነው የተነሳው? የ1930ዎቹ የአየር ፎቶዎች እና የደኖቻችን ታሪክ

«ከመቶ ዓመት በፊት ኢትዮጵያ 40 በመቶዋ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ የቀረው 3 በመቶ ብቻ ነው።» ይህን ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በክፍል ውስጥ፣ በሬዲዮ፣ በችግኝ ተከላ ላይ ሲደጋገም ኖሯል። እስቲ አንድ ቀላል ጥያቄ እንጠይቅ፦ ያኔ ማን ለካው?

የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ አንስቶ፣ ቁጥሩ ከልኬት ይልቅ ከግምት የመጣ ነው ሲል ተከራክሯል። ታዲያ እውነቱን እንዴት እንወቅ? ወደ ኋላ ተመልሰን መሬቱን መለካት አንችልም። ነገር ግን ያኔ አገሩን ከላይ ሆኖ ያየ ነበረ። ያየው ግን ለደን ብሎ ሳይሆን ለጦርነት ነው።

ፋሺስት ጣሊያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1935) ኢትዮጵያን ሲወር የሚዋጋበትን አገር በደንብ የሚያሳይ ካርታ አልነበረውም። ስለዚህ የጣሊያን ወታደራዊ ጂኦግራፊ ተቋም ካሜራ የተገጠመላቸው አውሮፕላኖችን ተጠቀመ። በአንድ ጊዜ አራት ፎቶ ይነሳል፦ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ አዘንብለው፣ አራተኛው ደግሞ በጣም አዘንብሎ ወደ ሩቅ። ሥራው እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ቀጠለ።

ጣሊያን ተሸንፎ ወጣ፤ ፎቶዎቹም ተረሱ። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ግን በአዲስ አበባ፣ በካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፉ ተገኙ። የቤልጂጉ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ያን ኒሰንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት የሰሌዳዎቹን ቁጥር 8,281 ብለው መዝግበዋል። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አራቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል።

ሀብት ተገኘ ማለት ነው? ገና ነው። እነዚህ ፎቶዎች አንድ ትልቅ ነገር ይጎድላቸዋል፤ የት እንደተነሱ በትክክል አያውቁም።

ዛሬ ድሮን ስታበሩ እያንዳንዱ ፎቶ ኬክሮስና ኬንትሮሱን ይዞ ይመጣል። ተራ ድሮን በጥቂት ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል፤ ቢሆንም ሰፈሩን አይስትም። በ1930ዎቹ ግን ጂፒኤስ የለ፣ ሳተላይት የለ። ፎቶው ላይ ያለውን ደን ከዛሬው ጋር ለማወዳደር መጀመሪያ ምስሉን ትክክለኛ ቦታው ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ጂኦሬፈረንሲንግ ይባላል። ፎቶን ከመሬት ጋር ማስተሳሰር ልንለው እንችላለን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኪውጂአይኤስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ትከፍታላችሁ። የድሮው ፎቶ ላይ አንድ ቦታ ትነካላችሁ፤ ከዚያ ያንኑ ቦታ የዛሬው የሳተላይት ምስል ላይ ፈልጋችሁ ትነካላችሁ። ይህ አንድ የመቆጣጠሪያ ነጥብ ነው። ነጥቦቹ ሲበዙ ፕሮግራሙ ፎቶውን ያንቀሳቅሰዋል፣ ያዞረዋል፣ ይለጥጠዋል፤ ጨርቅን ወጥሮ በመርፌ እንደመያዝ ያለ ነው።

ዋናው ጥያቄ፣ መርፌውን የት እንሰካ የሚለው ነው። በሰማንያ ዓመት ውስጥ ያልተንቀሳቀሰ ነገር መፈለግ አለብን። በአሸዋ ላይ የሚሄድ ወንዝ መታጠፊያውን ይቀይራል። የእግር መንገድ ይዞራል። ጎጆ ይፈርሳል። የገደል አፍ፣ ትልቅ ቋጥኝ፣ ሁለት ወንዞች በዓለት መካከል የሚገናኙበት ቦታ ግን ይቆያል። በሰሜኑ ደጋ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሕንፃው ቢታደስ፣ ሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ቢቀየር እንኳ ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያታልል ነገር አለ። ለቀላሉ የሒሳብ ዘዴ ሦስት ነጥብ ይበቃል። ሦስት ብቻ ብትሰጡት ግን ፕሮግራሙ ሁልጊዜ «ስህተቱ ዜሮ ነው» ይላችኋል። ደስ አይበላችሁ! አንዱን ቤተ ክርስቲያን ከጎረቤቱ ጋር አምታታችሁ ቢሆን እንኳ መልሱ ያው ዜሮ ነው፤ በሦስት ነጥብ ፎቶውን ሁልጊዜ ማጋጠም ስለሚቻል ነው። ስህተት የሚጋለጠው አራተኛውና አምስተኛው ነጥብ ሲጨመሩ ነው። ጠንቃቃ ሰው ጥቂት ነጥቦችን ለብቻ ያስቀምጣል፤ ለማስተሳሰር ሳይሆን በመጨረሻ ራሱን ለመፈተን።

ሁለተኛው ወጥመድ የካርታው መነሻ ነው። የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት ሥርዓት ነው፤ ስሙ በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ካለ የልኬት ነጥብ የመጣ ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደግሞ ሌላ ሥርዓት ነው። ሁለቱን ሳትለዩ ብትቀላቅሉ አዲስ አበባ አካባቢ ቦታችሁ ከ200 ሜትር በላይ ይሳሳታል። ብዙ የቤተ ክርስቲያን ደኖች እኮ ከዳር እስከ ዳር ከዚያ ብዙም አይሰፉም። «ደኑ ጠፍቷል» ብላችሁ ልትጽፉ ነው፤ ደኑ ግን ቦታው ላይ አለ፤ የጠፋችሁት እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛው ችግር ተራራ ነው። የተራራ ጫፍ ለካሜራው ስለሚቀርብ ገዝፎ ይታያል፣ ሸለቆው ያንሳል። ጠፍጣፋ ጨርቅ ስለወጠርን ብቻ ይህ አይስተካከልም፤ የመሬቱ ከፍታ መታወቅ አለበት። መፍትሔው የመጣው ከድሮን ዘመን ጋር ነው። ዛሬ የድሮን ሶፍትዌር ከተደራረቡ ፎቶዎች ላይ ተመሳሳይ ነጥቦችን በሺዎች እየለቀመ የመሬቱን ቅርጽ በሦስት አቅጣጫ ይሠራል። ሁለት ዓይናችን ርቀትን የሚለየው በዚሁ መንገድ ነው። የጣሊያን ፎቶዎችም ተደራርበው ስለተነሱ፣ አማውሪ ፍራንክልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ሥራ ይህንኑ ዘዴ በ1935 ፎቶዎች ላይ ሞክረው፣ የተስተካከለና የተገጣጠመ ምስል አውጥተዋል። ኮምፒውተሩ ቅርጹን ይሠራል፤ ቅርጹን ከመሬት ጋር የሚያስረው ግን አሁንም የመቆጣጠሪያ ነጥብ ነው።

ታዲያ ፎቶዎቹ ስለ ደን ምን መሰከሩ? እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን የ1938 እና የ2015 ምስሎች አወዳድሯል። ብዙዎቻችን የምንጠብቀው ደኖቹ ከዓመት ዓመት እየጠበቡ መምጣታቸውን ነው። የተገኘው ግን ሌላ ነው፦ የደኖቹ ስፋት በአብዛኛው ጸንቶ ቆይቷል። የተለወጠው ዙሪያቸው ነው። ድሮ በደኑና በእርሻው መካከል የነበረው ቁጥቋጦና ዛፍ ተመንጥሯል፤ ባሕር ዛፍም ገብቷል። ደኑ ዛሬ በእርሻ መካከል እንደ ደሴት ቆሟል።

ይህ ማለት «ደን አልጠፋም፣ እንረፍ» ማለት አይደለም። ከአንድ አካባቢ የተገኘ ውጤት ለመላው አገር መልስ አይሆንም፤ የደቡብ ምዕራቡ ታሪክ ከሰሜኑ ይለያል። ግን «40 በመቶ ነበር» ከሚለው ጅምላ ቁጥር ይልቅ ብዙ ይነግረናል። የደኑን ስፋት የጠበቀው የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበረሰብ መሆኑን፣ አደጋውም ያለው ከደኑ ዳርቻ መሆኑን ያሳያል። ለምሳሌ ችግኝ የት እንትከል ለሚል ሰው ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው።

አውሮፕላኖቹን የላከው ወራሪ ስለ እነዚህ ዛፎች ግድ አልነበረውም፤ የፈለገው መንገድና ምሽግ ነው። ፎቶው ዛሬ ለእኛ የሚመሰክረው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይህች ክብ ጥላ ያቺ ቤተ ክርስቲያን ናት» ብሎ ስለለየ ነው። ይህን ለመለየት ደግሞ ኮምፒውተር ብቻ አይበቃም፤ አገሩን የሚያውቅ የሰፈር ሽማግሌና ካህን አንዳንድ ጊዜ ከሳተላይት ይበልጣል።

ስለዚህ የድሮን ፎቶ እጃችሁ ሲገባ ምስሉን ብቻ አታስቀምጡ። የትኞቹን ነጥቦች እንደተጠቀማችሁ፣ በየትኛው የልኬት ሥርዓት እንደሠራችሁ፣ ስህተቱ ስንት ሜትር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። ከሰማንያ ዓመት በኋላ ያንን ፎቶ የሚከፍት ልጅ እንደኛ ቋጥኝ ለቋጥኝ ሲያመሳስል አይዋል።