ሦስት ጊዜ ላልተጣራ አቤት አይባልም

ስሙኝማ! በእኛ አገር ይህን ምክር ሳይሰማ ያደገ ልጅ ጥቂት ነው። ሌሊት ከደጅ ስምህ ቢጠራ ተቻኩለህ «አቤት» አትበል። አንዴ ጠርቶ ዝም ካለ ተሸፋፍነህ ተኛ። ደግሞ ቢጠራ ጆሮህን ጣል አድርግ። ሦስተኛ ከተጣራ ሰው ነው፤ ያኔ መልስ። በእኛ በአዊ፣ እንጅባራ ብትሄዱ፣ ዳንግላ ብትወርዱ፣ ይህን የሚያውቁ አዛውንት አይጠፉም። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ጥሪ ግን የመጣው ከከዋክብት መካከል ነው።

ቀኑ ነሐሴ 10 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፤ ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ከማለዳው 12 ሰዓት እልፍ ብሏል። ኦጋዴን በጦርነት ይነዳል፤ አዊ ክረምት ላይ ናት። በአሜሪካ ኦሃዮ ግን ገና የነሐሴ 9 ሌሊት ነው። እዚያ «ትልቁ ጆሮ» የሚሉት ሰፊ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ነበር። ኮምፒውተሩ የሰማውን ሁሉ በቁጥርና በፊደል እያደረገ ወረቀት ላይ ያትማል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጄሪ ኤማን የሚባል፣ ያለ ክፍያ በፈቃዱ የሚያገለግል ተመራማሪ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ተተከለ። ከተለመደው የሰማይ ጫጫታ እጅግ የበረታ ድምፅ ነበር። ኤማን በቀይ ቀለም ከበበውና በጎኑ «ዋው!» ብሎ ጻፈ። ያ ጥሪ እስከ ዛሬ የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው።

አስተውሉልኝ። ቴሌስኮፑ ባለበት ቆሟል፤ መሬት ስትዞር ሰማዩ በፊቱ ያልፋል። አንድ ነጥብ በፊቱ ለማለፍ 72 ሰከንድ ይፈጅበታል። ድምፁም ልክ 72 ሰከንድ ያህል እየጎላ ወጣ፣ እየደከመ ወረደ። የመንደር ራዲዮ ወይም የመኪና ሞተር ቢሆን እንዲህ በልክ አይመጣም። የመጣበት ሞገድ ደግሞ 1420 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ይህ ሃይድሮጅን በተፈጥሮው የሚያሰማው ሞገድ ነው። ሃይድሮጅን በሰማይ ከሁሉ የበዛ ነገር ስለሆነ፣ «አዋቂ ፍጡር ቢጣራ በዚህ ይጣራል» ብለው ሊቃውንቱ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ይህን ይጠብቁ ነበር።

ነገር ግን «ትልቁ ጆሮ» ሁለት ተቀባይ ነበረው። ያው የሰማይ ነጥብ ሦስት ደቂቃ ያህል ተለያይቶ በሁለቱም መሰማት ነበረበት። የተሰማው በአንዱ ብቻ ነው። ኤማንና ባልደረቦቹ ወደዚያው አቅጣጫ፣ በእኛ አውደ ነገሥት ቀውስ ወደሚባለው የከዋክብት ስብስብ፣ ደጋግመው ጆሯቸውን ጣሉ። ሌሎችም ከዓመታት በኋላ በሚበልጡ ቴሌስኮፖች ሞከሩ። ምንም አልተሰማም። አንዴ ተጣርቶ ዝም አለ።

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ የተደጋገመ ጥሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967፣ በእኛ ኅዳር 1960 ዓ.ም.፣ ጆስሊን ቤል የምትባል የካምብሪጅ ተማሪ ከቴሌስኮፗ የወጣውን የወረቀት ጥቅልል ስትመረምር በየ1.33 ሰከንዱ ሳይዛነፍ የሚመታ ምት አገኘች። ከመምህሯ ከአንቶኒ ሂዊሽ ጋር ሰው ሠራሽ መሆን አለመሆኑን ፈተሹ፤ የሰው ሥራ ሆኖ አልተገኘም። እንግዲህ የሌላ ዓለም ፍጡር ከሆነ ለማን ይነገራል? መጀመሪያ ማን ይስማ? እነዚህ ሰዎች ከልባቸው ተጨነቁ። ቤል ግን ጥቅልሏን መመርመር አልተወችም። የፈረንጆቹ ገና ከመድረሱ በፊት ከሌላ የሰማይ ማዕዘን ሌላ ምት አገኘች። ሁለት የተለያዩ ፍጡራን ከተለያየ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ምድርን አይጣሩም። ስለዚህ ከተፈጥሮ የመጣ መሆን ነበረበት፤ ሆነም። ነዳጁን ጨርሶ ወደ ውስጥ የተኮማተረ፣ በፍጥነት የሚሽከረከር ኮከብ ነው፤ ፑልሳር ይሉታል። የኖቤል ሽልማቱ እ.ኤ.አ. በ1974 ለሂዊሽና ለማርቲን ራይል ሲሰጥ ቤል ተዘለለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ሌላ የ3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ስታገኝ ግን ገንዘቡን በሙሉ ፊዚክስ ለመማር ዕድል ላጡ ወጣቶች ትምህርት ሰጠችው። እኔ ይህችን ሴት ሳስብ ልቤ ይሞላል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥሪ ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ2007 የእነ ዳንከን ሎሪመር ቡድን ከአምስት ሚሊሰከንድ ያነሰ ጊዜ የቆየ፣ ከሌላ ጋላክሲ የመጣ ብርቱ ፍንዳታ በማኅደር ውስጥ አገኘ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ተመሳሳዩ በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ብርቱ የማግኔት ኃይል ካለው ኮከብ ሲወጣ ተያዘ። አውስትራሊያ ባለው የፓርክስ ቴሌስኮፕ የተሰማ ሌላ እንቆቅልሽ ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ የተከፈተ የግቢው ማይክሮዌቭ ምድጃ ሆኖ ተገኘ። ብልህ ሰው መጀመሪያ ቤቱን ይፈትሻል።

አሁን ወደ መላሾቹ ልውሰዳችሁ፤ የሚያሳስበኝ እዚህ ጋ ነው።

ኅዳር 7 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ ሥልጣን በያዘ በሁለት ወሩ፣ ፖርቶ ሪኮ ከነበረው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ መልእክት ወደ ሰማይ ተላከ። የሰው ምስል፣ የፀሐይ ቤተሰብና የምድራችን ቦታ አለበት። የተላከው ኤም 13 ወደሚባለው የከዋክብት ክምችት ነው፤ ለመድረስ 25 ሺህ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ያው ማርቲን ራይል ነገሩን ሲሰማ ተቃወመ፤ ያለንበትን ለማናውቀው ለምን እንናገራለን አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ስቲቨን ሃውኪንግም ያንኑ አስጠነቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1989 ተመራማሪዎች የተስማሙበት መርሕም አለ። ጥሪ ከተሰማ መጀመሪያ ይረጋገጥ፤ ከተረጋገጠ ለዓለም ሁሉ ይነገር፤ ዓለም ሳይመክርበት መልስ አይላክ ይላል። መርሕ ብቻ ነው፤ የሚያስገድድ ሕግ አይደለም።

ዋው የተባለው ጥሪ ከተሰማ አምስት ቀን ሳይሞላው ደግሞ ቮዬጀር 2 መንኩራኩር ተወነጨፈች፤ ቮዬጀር 1 ተከተለች። ሁለቱም ለማናውቀው ፍጡር የተቀረጸ የወርቅ ቅብ ሸክላ ይዘዋል። በ55 ቋንቋ ሰላምታ አለበት። ሉጋንዳ አለ፣ ሶቶ አለ። ከሞቱ በሺህ የሚቆጠር ዓመት የሆናቸው ሱመርኛ፣ አካድኛና ሂታይትኛ አሉ። አማርኛ የለም። ግዕዝ የለም። የሰባት ቤት አገው ልጆች የሚናገሩት አውንጊ የለም። የግዕዝን ነገር ብቻ እንኳ እንመልከት፤ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በአገው ምድር አልፎ ግሽ ዓባይ የደረሰ ስኮትላንዳዊ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ ይዞ ሄደ፤ መጽሐፉ ምሉዕ ሆኖ የተረፈው በዚሁ ቋንቋ ብቻ ነው። ስለ ፀሐይና ጨረቃ በሮች የሚናገር ክፍል አለበት። እንዲህ ሰማይን ሲያነብ የኖረ ቋንቋ በምድር ስም በተላከ ሰላምታ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ሸክላውን ያዘጋጁት ሰዎች ጊዜ አጥሯቸው ነበር፤ በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም። ግን ጥቂት ሰዎች ለሁሉ ሲናገሩ የሚቀር ሰው እንዳለ ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። እንስማ፤ አብዝተን እንስማ። መልስ ግን ጥሪው ተደጋግሞ ሳይረጋገጥና ሁላችንም ሳንጠየቅ አይላክ። እንዲጠየቅ የሚፈልግ አገር ደግሞ የራሱ ጆሮ ይኑረው።

በምድራችን ላይ ጆሮ ተተክሎ ያውቃል። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችው አስመራ፣ የአሜሪካ ጦር በቃኘው ጣቢያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 45 እና 26 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ሳህኖች አቁሞ ነበር። የሚሰሙት ግን የሶቪየትን መንኩራኩሮች ነበር፤ ለእኛ ተማሪዎች የተተከሉ አልነበሩም። ዛሬ እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ፣ አንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። እሰየው! ነገር ግን እነሱ በብርሃን ያያሉ፤ ክረምት ደመናው ሲወርድ ይጋረዳሉ።

የራዲዮ ሞገድ በደመና አይገታም። 1420 ሜጋኸርዝ የእንጅባራን የሐምሌ ዶፍ ሰንጥቆ ያልፋል። አዊ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ታያለች። ዋው የመጣበት ነጥብ በኦሃዮ ከአድማስ ብዙም ከፍ አይልም፤ በእንጅባራ ግን ከግማሽ ሰማይ በላይ ይወጣል። ደቡብ አፍሪካ 64 ሳህን አሰልፋ ትሰማለች። ጋና ኩንቱንሴ ላይ የነበረ አሮጌ የስልክ ሳተላይት ሳህን ወደ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ቀይራለች። ሱሉልታ ላይ የሳተላይት ጣቢያ ላላት ኢትዮጵያ ይህ ከአቅም በላይ አይደለም።

ለመጀመር ደግሞ ትልቅ ሳህን እንኳ አያስፈልግም። በቆርቆሮ የተሠራ የቀንድ ቅርጽ ያለው አንቴና፣ አነስተኛ ማጉያ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ርካሽ የራዲዮ መቀበያ፤ በእነዚህ የፍኖተ ሐሊብን ሃይድሮጅን መስማት ይቻላል፤ በዓለም ዙሪያ ተማሪዎች ያደርጉታል። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህራን፣ የዳንግላ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን፣ እባካችሁ ይህን ከተማሪዎቻችሁ ጋር ሥሩ። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም ከሞባይል ማማ የራቀ አንድ ጸጥ ያለ ሸለቆ በአዊ ይፈልግላቸው።