ሳህናችን ላይ ያለው ቆስጣ እና የአቃቂ ወንዝ ታሪክ



ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ዶክተር፣ አትክልቱን በአቼቶ ካጠብነው ይበቃል ወይ?» ትሉኛላችሁ። ጀርሙን ይቀንሳል እንጂ ሁሉንም አያጠፋም፤ ለሌላው ግን ጭራሽ አይበቃም። ሌላው ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ መልሱ ያለው ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በከተማችን ታሪክ ውስጥም ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ወንዝ ላውራችሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የምትኖሩ ወይም የምትሠሩ ከሆነ የታሪኩ መነሻ ቅርባችሁ ነው። ባቡሩ ለገሃር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ያለው የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው ደግሞ በ1922። ከዚያ በኋላ ፋብሪካ የሚተክል ሰው ሁለት ነገር ይፈልግ ነበር፤ ሐዲድና ውሃ። ሁለቱም በአንድ ላይ የሚገኙት ወደ ቃሊቲና አቃቂ ነው። መሬቱ ሜዳ፣ ሐዲዱ በዚያ ያልፋል፣ ወንዙም ወደዚያው ይወርዳል። በንጉሡ ዘመን የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ (እ.ኤ.አ. 1957–1961) ከወጣ በኋላ የጨርቃ ጨርቁም፣ የቆዳውም፣ የብረታ ብረቱም ሥራ እየሰፋ ሄደ። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ፤ ይህን መካድ አልፈልግም።

ወንዙ ግን ሁለት ሥራ ተሰጠው። ከላይ ውሃ ይቀዳበታል፣ ከታች ቆሻሻ ይደፋበታል። ለሁለተኛው የሚከፍል አልነበረም።

የቆዳ ፋብሪካን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ቆዳው በጨው ተጠብቆ ይመጣል፤ ይዘፈዘፋል፤ ፀጉሩ በኖራና በሰልፋይድ ይነሣል (ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ከዚህ ነው)፤ ከዚያ በክሮም ይለፋል። በተለመደው አሠራር ከሚጨመረው ክሮም ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ቆዳው ላይ ሳይቀር ከውሃው ጋር ይወጣል። ፍሳሹ ካልተጣራ መድረሻው ወንዝ ነው። ፋብሪካውን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ የከተማው የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የእኛ የጤና ተቋማት ቆሻሻም እዚያው ይገባል።

ትንሹና ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። አባ ሳሙኤል የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ ጣሊያኖች የሠሩት። ለከተማዋ መብራት ሊሰጥ የተሠራ ግድብ ውሎ አድሮ የከተማዋ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ሆነ፤ እንቦጭም ወረሰው። ውሃው ከዚያ አዋሽን ተቀላቅሎ ቆቃ ይገባል። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽም በሞጆ ወንዝ በኩል መጨረሻው ቆቃ ነው።

አሁን ወደ ሳህናችን። በአቃቂ ዳርቻ ገበሬዎች በበጋ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን በወንዙ ውሃ ያለማሉ። ሌላ ውሃ የላቸውም። ውሃው ውስጥ ያሉት የታይፎይድ ባክቴሪያ፣ አሜባና የወስፌ እንቁላል በአብዛኛው ቅጠሉ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ በደንብ ማጠብ ይቀንሳቸዋል፣ አብስሎ መብላት ደግሞ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ካድሚየምና እርሳስ ግን በሥር በኩል ገብተው የቅጠሉ አካል ይሆናሉ። አቼቶም እሳትም አያወጣቸውም። አንድ ሳህን ቆስጣ አይመርዛችሁም፤ አትደንግጡ፣ አትክልትም አታቁሙ። ጉዳቱ የሚመጣው በዓመታት ነው፤ ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል፣ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በጾም ወቅት በየቀኑ አንድ ዓይነት ቅጠል ከመብላት ማቀያየር፣ ሻጯንም «ከየት የመጣ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል።

«መጀመሪያ እንደግ፣ ከዚያ እናጸዳለን» የሚል ክርክር ሁልጊዜ እሰማለሁ። ጃፓን እንደዚያ ብላ ነበር። ሚናማታ የሜርኩሪ መመረዝ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ ፋብሪካው ወደ ባሕሩ መድፋቱን ያቆመው በ1968። በመካከሉ ያሉት 12 ዓመታት የጃፓን ኢኮኖሚ እጅግ የተመነደገባቸው ናቸው። ሀብቱ ብቻውን ውሃውን አላጸዳም። ተጎጂዎች ከሰሱ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ በ1970 ምክር ቤቱ 14 ሕጎችን በአንድ ጉባኤ አወጣ።

እኛም ሕግ አለን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የሆነውን ተመልከቱ። በዚያ ዓመት መንግሥት ጥሬና በከፊል ያለቀ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልኩ ላይ እስከ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ ዓላማው ሥራው አገር ውስጥ እንዲያልቅ ነው፣ ጥሩ ዓላማ ነው። ሥራው እዚህ ሲቀር ግን ፍሳሹም እዚህ ይቀራል። በዚያው ዓመት በወጣ የኢንዱስትሪ ብክለት ደንብ ደግሞ ነባር ፋብሪካዎች ደረጃውን እንዲያሟሉ የአምስት ዓመት የእፎይታ ጊዜ ተሰጣቸው። እኔ እንደ ሐኪም የሚገርመኝ፣ ለኩላሊት እፎይታ የሚሰጥ ደንብ አለመኖሩ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «ሸገርን ማስዋብ» በወንዞቹ ዳርቻ 56 ኪሎ ሜትር ለማልማት የታቀደ ነው። መናፈሻው ደስ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ከመናፈሻው አጠገብ የሚፈሰው ነው።

አዋጅ ቁጥር 300 ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ብክለት ስላደረሰ አካል ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አንድ የሲቪክ ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች ሞክሮት ክሱ ውድቅ ሆኖበታል። አንቀጹ ግን አልተሻረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ እርሳስና ስለ ሕፃናት ለብቻው እጽፋለሁ። ጥያቄ ካላችሁ ከታች አስቀምጡልኝ።