ካናዳን ከዳር እስከ ዳር በመኪና
ካናዳን ከአትላንቲክ እስከ ፓስፊክ በመኪና ማቋረጥ ለረጅም ዘመን ጀብዱ እንጂ መዝናኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1912 ቶማስ ዊልቢና መካኒኩ ጃክ ሄኒ ከሃሊፋክስ ተነሥተው ፓስፊክ ለመድረስ 52 ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ መንገድ በጠፋበት ሁሉ መኪናቸው በባቡርና በመርከብ ተጭኗል። በ1925 ፔሪ ዱሊትል ደግሞ መንገድ በሌለበት ፎርድ መኪናውን የባቡር ጎማ ገጥሞለት በሐዲድ ላይ ነዳው። ሁለቱንም «አገር ያቋረጡ» ማለት ትንሽ ልግስና ይጠይቃል።

ፈተናው ከሱፒሪየር ሐይቅ በስተሰሜን ያለው ዐለታማ ምድርና የምዕራቡ ተራሮች ነበሩ። በ1940 የተከፈተው የቢግ ቤንድ መንገድ የኮሎምቢያን ወንዝ ተከትሎ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞር፣ ጠጠር የለበሰና በክረምት የሚዘጋ ነበር፤ ተጎታች ቤት ለሚጎትት ቀርቶ መኪናውን ብቻ ለሚነዳም አድካሚ ነበር። በ1949 የወጣው ሕግ የአገር አቋራጩን ጎዳና የግንባታ ወጪ የፌዴራሉ መንግሥትና አውራጃዎቹ እንዲጋሩት አደረገ። በ1962 የሮጀርስ ፓስ መንገድ ተከፍቶ ዙሩ ቀረ። እዚያ የበረዶ ናዳ ስለሚበዛ ጦር ሠራዊቱ ክምሩ ሳይገዝፍ በመድፍ እየመታ ያወርደዋል። መላው ጎዳና የተጠናቀቀው በ1971 ነው።

ያኔ ተጎታች ቤቱም ቀልሎ ነበር። ከ1968 ጀምሮ ዊኒፔግ ውስጥ ከፋይበርግላስ የተሠራው ቦለር የተባለ ተጎታች ቤት 4 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚረዝም ትንሽ የቤት መኪና ትጎትተዋለች። ወደ ኒውፋውንድላንድና ወደ ቫንኩቨር ደሴት ግን ዛሬም በጀልባ ነው፤ ክፍያው በርዝመት ስለሚታሰብ ባለተጎታቹ ይበልጥ ይከፍላል።