አልማዝ መሳዩ ክሪስታል
ስትሮንቲየም ታይታኔት፤ በነበልባል ቀልጦ የተሠራ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች በአልማዝ ምትክ ይሸጡት ነበር። ኅብረ ቀለማዊ ብልጭታው አልማዝን ያስንቃል፤ ግን በቀላሉ ስለሚጫር ለቀለበት እምብዛም አይመችም። የፊዚክስ ሰዎችን የማረካቸው ሌላው ጠባዩ ነው።

የኤሌክትሪክ መስክ ሲያርፍበት ቻርጅ ያላቸው አቶሞቹ ከቦታቸው ጥቂት ይንሸራተታሉ። የዚህ ምላሽ መለኪያ የሆነው ዳይኤሌክትሪክ ቁጥሩ በክፍል ሙቀት 300 ገደማ ነው። ክሪስታሉ በፈሳሽ ሂሊየም እስከ 4 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ግን ቁጥሩ ከ20,000 ያልፋል።

እንዲህ የሚያሻቅብ ክሪስታል በመጨረሻ ፌሮኤሌክትሪክ እንዲሆን፣ ማለትም አቶሞቹ ያለ ውጭ ግፊት በአንድነት ወደ አንድ ጎን እንዲያዘነብሉ ይጠበቃል። ይህኛው አሻፈረኝ አለ። አሌክስ ሙለርና ባልደረባው ቡርካርድ በ1979 በስዊዘርላንዱ የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ምክንያቱን አስረዱ፦ በኳንተም ሕግ መሠረት አቶሞች የቱንም ያህል ቢቀዘቅዙ ንዝረታቸው ጨርሶ አይቆምም፤ ያ ንዝረትም አሰላለፉን ያፈርሰዋል። (ሙለር በ1987 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን በሌላ ሥራው፣ በሱፐርኮንዳክተሮች ነው።)

በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች የክሪስታሉን ኦክስጅን ክብደቱ በሚበልጠው ኦክስጅን-18 ተኩት። ንዝረቱ ረገበ፤ ክሪስታሉም በ23 ኬልቪን ገደማ ፌሮኤሌክትሪክ ሆነ።