ከሰይጣን ቤት እስከ አምባሳደር
የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የሰየመው። ግድግዳ ላይ የሚሄድ ጥላ ሲያይ ሌላ ምን ይበል!

ልጆቹ ግን ትኬት ተሻሙ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ሕንፃ በ1948 ዓ.ም.፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ 25ኛ ዓመት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆኖ ተመረቀ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነው። በሕንድ ፊልም ታላላቆቻችን ቋንቋውን ሳያውቁ አብረው ያለቅሱ ነበር። እኛ የስድስት ኪሎ ተማሪዎች የደረስነው በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ ፊልም ሰልፍ ላይ ነው፤ አምባሳደር በር ላይ ስንት ሰዓት ቆመናል!

ዛሬ የታክሲ ተራ ስንጠብቅ በየመኪናችን፣ በየስልካችን፣ ለየብቻችን እናያለን። ለአሥረኛው ዓመት በዓላችን በምንሰበሰብበት አዳራሽ መብራቱን አጥፍተን አንድ ፊልም አብረን ብናይስ?