ስለቱ ከሶሊንገን፣ እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ

በቃሊቲ፣ በከባድ መኪና ጋራዦች ደጃፍ የተከመረ አሮጌ ባሌስትራ አይቶ ሰይፍ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ያ ብረት ጭነት ሲያርፍበት ይለጠጣል፤ ሲወርድለት ወደ ቅርጹ ይመለሳል። የእኛ ቀጥቃጮችም ለቢላዋና ለማጭድ ይመርጡታል። የአውሮፓ ሰይፍ ሠሪዎች ለዘመናት የደከሙት ይህንኑ ጠባይ ፍለጋ ነው፦ ጠርዙ እንዳይዶለዱም ጠንካራ፣ ወገቡ እንዳይሰበር እሺ ባይ።

የሮማ እግረኛ በጋሻ ተከልሎ የሚወጋበት ግላዲየስ አጭር ነበር። በቫይኪንጎች ዘመን ስለቱ ረዘመ፤ ከ9ኛው እስከ 11ኛው መቶ ዘመን ከተሠሩት መካከል ከመቶ በሚበልጡት ላይ «ኡልፍበርህት» የሚል ስም ተቀርጾ ተገኝቷል። ጥሩሩ እየጠነከረ ሲሄድ ሰይፉ በመጋጠሚያው እንዲሾልክ ሾለ። እንግሊዛዊው ኢዋርት ኦክሾት የመካከለኛውን ዘመን ሰይፎች በስለታቸው ቅርጽ ከፋፍሎ በሮማ ቁጥር የሰየማቸው ይህን ለውጥ እየተከተለ ነው። ከዚያ ቀጭኑ ራፒየር መጣ፤ በኋላም ከሃንጋሪ ፈረሰኞች የተስፋፋው ቆልመም ያለ ሳብር።

ለእኛ ቅርቡ ሳብር ነው። ማጭድ መሰሉ ሾተል፣ ጫፉ የባላጋራን ጋሻ ዞሮ የሚወጋው፣ የራሳችን ነው። ጎራዴ ግን የሁለት አገር እጅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1541 ከአዛዣቸው ከክሪስቶቮ ደ ጋማ ጋር ምጽዋ የወረዱት 400 ፖርቱጋሎች የአውሮፓን መሣሪያ ይዘው መጡ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ከጀርመኗ ሶሊንገን የተሠሩ ስለቶች ገቡ። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 በአቃቂ በኩል አዲስ አበባ ሲደርስም ለአውሮፓ ብረት መንገዱ አጠረ።

አንዱን ጎራዴ ቀርበን እንየው። እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ ተፈልፍሎ ወገቡ ላይ ቀጠን ብሏል፤ እንደ አውሮፓው ሳብር እጅ የሚሸፍን ብረት የለውም፤ ጋሻው አለና። አፎቱ ቆዳ ነው። የሚታጠቀውም በቀኝ ጎን ነው። የባዕድ ስለት ነው ተብሎ የባዕድ ሰይፍ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በጨበጣ የተመዘዘው ጎራዴ ኢትዮጵያዊ ነው።

በቤታችሁ የአያት ጎራዴ ካለ፣ እጀታው አጠገብ ያለው ስለት ላይ የሠሪው ስም ወይም የይሁዳ አንበሳ ሊኖር ይችላል። እባካችሁ በሞረድ አትንኩት፤ ዘይት በነካ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት።