ከኬላ በር እስከ ቦሌ፤ ስለ እንግዳ ፈቃድና ስለ ስንብት

ከባሕር ማዶ መጥቶ ኢትዮጵያን ለማየት የሚመኝ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያገኘው ንጉሡን ሳይሆን በረኛውን ነበር። በረኛው የምጽዋው ናይብ፣ በኬላ የተቀመጠ ቀራጭ ወይም የሐረር ሹም ሊሆን ይችላል። ስሙና ቦታው ቢለያይም የሚጠይቀው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ማን ነህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ የጠራህስ ማን ነው የሚል ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. መጀመሪያ ምጽዋ በደረሰ ጊዜ ናይቡ እጅ መንሻ እየጠየቀ ሁለት ወር ያህል አቆይቶታል። ዛሬ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመስተዋት በስተኋላ የሚቀርበው ጥያቄ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

በሩን መዝጋትና መክፈት ሁልጊዜ ያጣላ ጉዳይ ነው። ዐፄ ፋሲል (1624–1660 ዓ.ም.) የኢየሱሳውያንን ሚስዮናውያን ካስወጡ በኋላ፣ የፍራንክ ቄሶች እንዳይገቡ ከምጽዋና ከሱአኪን ገዦች ጋራ ተስማሙ። ነገር ግን የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ሐኪም ባስፈለጋቸው ጊዜ ፈረንሳዊው ሻርል ፖንሴ ከካይሮ ተጠርቶ በ1691 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ከሐኪሙም ጋራ አገልጋይ መስሎ የተነሣ አንድ የኢየሱሳውያን ቄስ ነበረ፤ ጎንደርን ሳያይ በመንገድ ሞተ። እንግዲህ የበረኛው ጭንቀት በዚህ በአንድ ጉዞ ውስጥ ተጠቃልሎ ይታያል፤ የሚፈለገውን ሲያስገባ የማይፈለገው አብሮ ይገባል፣ ሁሉንም ሲከለክል ደግሞ መድኃኒቱ በደጅ ይቀራል።

እንግዳው ከገባ በኋላ ባልደረባ ይታዘዝለታል። ባልደረባው ጉዳዩን ከቤተ መንግሥት ያደርስለታል፣ የአገሩን ወግ ያስረዳዋል፣ ደግሞም ይጠብቀዋል። መጠበቅ የሚለው ቃል በአማርኛችን ከክፉ መከላከልንም ዐይን አለመንቀልንም ማመልከቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። የንጉሥ ደብዳቤ ለያዘ እንግዳም በየሰፈረበት አገር ድርጎ ይወጣለታል፤ እንጀራ፣ ማር፣ በግ፣ ለበቅሎውም ገብስ። በመንገደኞቹ መጻሕፍት ውስጥ ድርጎው ዘገየ፣ አነሰ የሚል ምሬት ሞልቷል፤ በጉን ያወጣው ባላገር ምን እንዳለ ግን እምብዛም አልተጻፈም። በዚያ ሥርዓት እንግዳውን የሚያስገባው ንጉሥ፣ በእንግዳው የሚከበረውም ንጉሥ ሲሆን፣ ወጪውን የሚሸከመው ገበሬው ነበር።

ከመግባቱ ይልቅ የከበደው መውጣቱ ነው። መግቢያው በደጅ ጥናት እንደሚገኝ ሁሉ መውጫውም ስንብት ይባላል፤ ያለ ንጉሥ ስንብት የሚሄድ እንግዳ እንደ ኮብላይ ይቆጠራል። ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ስንብት ተከልክሎ ርስትና ሚስት ተሰጥቶት ኖረ፤ በ1512 ዓ.ም. የመጡት የአገሩ መልእክተኞች ያገኙት ኢትዮጵያዊ ባለቤት ሆኖ ነው። ብሩስም ቢሆን ለመመለስ ደጋግሞ መለመን ነበረበት። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሰዎችን ከመሄድ በመከልከላቸው የተነሣው ጠብ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የተፈጸመ ስለ ሆነ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም።

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የበቅሎው ጉዞ አጠረ። በኋላም አውሮፕላን በልደታ ያርፍ ጀመር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጄት አውሮፕላኖች ሲረከብ የልደታው ሜዳ አልበቃ ስላለ፣ ከከተማው በስተምሥራቅና ደቡብ በኩል እርሻና ግጦሽ የነበረው የቦሌ መሬት የአገሩ ዋና በር ሆነ። በዚያው ዓመት በግንቦት የአፍሪካ መሪዎች ለአንድነት ድርጅት ምሥረታ መጡ። የቱሪስት ድርጅት ተቋቁሞ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይን መፈክር ያስተዋወቁትም በ1950ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ነው። ያን ጊዜ በታሪካችን አዲስ ነገር ተፈጠረ፤ ሳይጠራ የሚመጣ፣ ድርጎ የማይበላ፣ ከፍሎ አይቶ የሚሄድ እንግዳ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የድሮው ልማድ በአዲስ ወረቀት ተመለሰ። የውጭ አገር ጎብኚ ከአዲስ አበባ ለመውጣት የመዘዋወሪያ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ኢትዮጵያዊው ራሱ ደግሞ አገሩን ለመልቀቅ የመውጫ ቪዛ ይጠየቅ ነበር። ስንብት ለእንግዳ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለባለ አገሩም ሆነ ማለት ነው።

በ2010 ዓ.ም. ማንኛውም ጎብኚ ቪዛውን በኢንተርኔት እንዲጠይቅ ተፈቀደ፤ በ2011 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች ዜጎች ቦሌ ሲደርሱ ቪዛ እንዲያገኙ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት በጥር ተስፋፍቶ የተመረቀው ማረፊያ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ነው። እኔ ከሁሉ የምመለከተው የሥራ መለያየቱን ነው። ድሮ ፈቃዱም ክብሩም በአንድ እጅ ነበር፤ ዛሬ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስለ ጸጥታ ሲጠየቅ፣ ፈቃዱ በዘገየ ጊዜ የሚጎዳው ግን የላሊበላው አስጎብኚና የስሜኑ ባለ በቅሎ ነው። እነዚህ ሰዎች በመስኮቱ አጠገብ አይቆሙም፤ ድምፃቸውም እንደ ድርጎ ከፋዩ ባላገር ሩቅ ነው። ጸጥታን አቃልሉ ማለቴ አይደለም፤ የፖንሴን አገልጋይ አልረሳሁም። ነገር ግን ጎብኚ ጥብቅ ሕግን ይታገሣል፤ የማይታገሠው ነገ የሚለወጥን ሕግ ነው።

በቦሌ ከሚያርፉት ብዙዎቹ አውሮፕላን ለውጠው የሚያልፉ ናቸው። ረዥም ሰዓት የሚቆዩትን አየር መንገዱ የመተላለፊያ ፈቃድ እያስገኘ በሆቴል ያሳድራል፤ ራት ያበላል፣ በመኪና ይወስዳል፣ በሰዓታቸው ይመልሳል። ባልደረባውም ድርጎ ሰጪውም አሁን እርሱ ነው፤ ስንብቱንም በመሳፈሪያ ወረቀት ይሰጣል።